አንድ የግድያ መዝገብ፣ ሁለት እናቶች

ልጅዎን ዳቦ እንድትገዛ ወደ ሰፈር ሱቅ የላኳት ስንት ጊዜ ነው? ማንም እናት ይህን አትቆጥርም፤ ልጅ ይላካል፣ ሮጦ ይመለሳል። በእንግሊዟ የሮችዴል ከተማ የምትኖር አንዲት እናትም ጥቅምት 5 ቀን 1975 የ11 ዓመት ልጇን ሌስሊ ሞልሲድን ወደ ሱቅ ስትልክ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌስሊ ገና በሕፃንነቷ የልብ ሕመም የነበረባት፣ ከዕድሜዋ ያነሰች ልጅ ነበረች። አልተመለሰችም። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኗ ከከተማው ርቆ ሪሽወርዝ ሙር በተባለ ጭው ያለ ኮረብታማ ስፍራ ተገኘ። 12 ጊዜ በስለት ተወግታ ነበር።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ለማሳዘን አይደለም። አንድ መዝገብ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ እንደገና ተከፍቶ እውነቱ ላይ እስኪደረስ 32 ዓመት ፈጅቷል፤ በመሃሉም አንድ ንጹሕ ሰው ተቀጥቷል። ይህ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል ብለን ስላመንን ነው።

የእናቱ ልጅ

ስቴፋን ኪሽኮ የ23 ዓመት ወጣት፣ የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አባቱ ከዩክሬን፣ እናቱ ሻርሎት ከስሎቬንያ ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ሠራተኞች ናቸው። አባቱ ከሞቱ በኋላ ከእናቱና ከአክስቱ ጋር ይኖር ነበር። ግዙፍ፣ ዓይነ አፋር፣ ጓደኛ የሌለው፣ ከቤትና ከቢሮ ውጪ ዓለም የማያውቅ ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ማንንም አይጎዳም፣ ግን ሰው ሁሉ «ትንሽ ለየት ይላል» ይለዋል።

ጣት የተቀሰረበት በአካባቢው ያሉ ሦስት ልጃገረዶች «ራቁት ገላውን አሳየን» ብለው ለፖሊስ በመናገራቸው ነበር። ፖሊስ ጥርጣሬውን በእርሱ ላይ ካደረገ በኋላ የነካው ሁሉ ማስረጃ ሆነበት። በመኪናው ውስጥ ከረሜላ ተገኘ፤ ያናደዱትን መኪኖች ታርጋ ወረቀት ላይ የመጻፍ ልማዱም ከወንጀል ተቆጠረ። በዚያን ዕለት ከአክስቱ ጋር የአባቱን መቃብር ሲያስተካክል እንደዋለ ቢናገርም ሰሚ አላገኘም።

በታኅሣሥ 1975 ተይዞ ያለ ጠበቃ ተመረመረ። እናቱ አጠገቡ እንድትሆን ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። በሦስተኛው ቀን «አዎ፣ ገድያለሁ» አለ። ለምን? ካመነ ወደ እናቱ ቤት የሚመለስ መስሎት ነበር። ጠበቃ ሲያገኝ ወዲያው ቃሉን ሳበ፤ የተሳበ ቃል ግን የተፈለገውን ሥራ ሠርቶ አልፎ ነበር።

ሐምሌ 1976 የሊድስ ፍርድ ቤት ጁሪ 10 ለ2 በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ ብሎት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ዳኛው ልጃገረዶቹን ስለ ድፍረታቸውና ስለ ሐቀኝነታቸው አመሰገኗቸው። የራሱ ጠበቃ ዴቪድ ዋዲንግተን በአንድ በኩል «አልገደለም»፣ በሌላ በኩል «ገድሎ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ ሙሉ አይደለም» የሚል ክርክር በማቅረባቸው ጁሪውን ግራ አጋብተው ነበር።

በመዝገቡ ውስጥ የተቀመጠው እውነት

አሁን የሚሉትን እናውቃለን፤ «ታዲያ የሕክምና ማስረጃ አልነበረም?» ነበር። ያውም የማያሻማ።

በሌስሊ ልብስ ላይ የወንድ ዘር ፈሳሽ ተገኝቶ ነበር፤ በፈሳሹም ውስጥ የዘር ሕዋስ ታይቷል። ስቴፋን ደግሞ ከተፈጥሮው ሰውነቱ በቂ የወንድነት ሆርሞን የማያመነጭ፣ ለዚህም መርፌ የሚወጋ ሕመምተኛ ነበር። ሲታሰር ከእርሱ የተወሰደው ናሙና ምንም የዘር ሕዋስ አልነበረበትም። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ማየት ብቻ በቂ ነበር፤ ግን ይህ ለጁሪው አልቀረበም።

አንድ እናት ብቻዋን «ልጄ አልገደለም» ስትል ማን ይሰማል? «ወላጅ ምን ይላል!» ይባላል። ሻርሎትን ጎረቤት፣ ፖሊስ፣ ፖለቲከኛ ሁሉ እንዲሁ አላት። ይግባኙ በ1978 ውድቅ ሆነ። ስቴፋን የሕፃን ገዳይ ተብሎ ስለገባ በእስር ቤት እየተደበደበ፣ ቀስ በቀስም አእምሮው እየታወከ ሄደ። ጥፋቱን ካመነ በአመክሮ የመፈታት ተስፋ እንዳለው ሲነገረው ግን አሻፈረኝ አለ። ፖሊስ ጣቢያ በሦስት ቀን የተሰበረው ሰው፣ በእስር ቤት 16 ዓመት ሙሉ «አልገደልኩም» በሚለው ጸና።

ሻርሎትም አልተኛችም። ደብዳቤ ጻፈች፣ ደጅ ጠናች። በ1987 ካምቤል ማሎን የተባለ ጠበቃ ጉዳዩን ያዘላት። አቤቱታው ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲቀርብ ሚኒስትሩ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? በ1976 የስቴፋን ተከላካይ የነበሩት ዋዲንግተን!

የመጀመሪያው መከፈት

በ1991 ትሬቨር ዊልኪንሰን የተባለ የፖሊስ መኮንን መዝገቡን እንደገና እንዲመረምር ተመደበ። ዊልኪንሰን የድሮ ባልደረቦቹን ለመከላከል አልተቀመጠም፤ ወረቀቱን ከሀ እስከ ፐ አነበበ። የዘር ፈሳሹን ውጤት አገኘው። እነዚያ ልጃገረዶች፣ አሁን አዋቂ ሴቶች ሆነው፣ ያሉት ሁሉ ውሸት እንደነበር አመኑ።

የካቲት 18 ቀን 1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ ሰው ገዳዩ ሊሆን አይችልም ሲል ነፃ አወጣው። ስቴፋን ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን የታመመና የተሰበረ ሰው ነበር። ታኅሣሥ 1993 በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 41 ነበር፤ ካሳውም ተጠናቆ አልደረሰውም። ሻርሎትም ከልጇ በኋላ የቆየችው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በቀድሞው ምርመራ የተሳተፉ አንድ የፖሊስ መኮንንና አንድ የፎረንሲክ ባለሙያ ማስረጃ በመደበቅ በ1994 ቢከሰሱም ክሱ ተቋርጦ ጉዳዩ በፍርድ ሳይታይ ቀረ።

ሁለተኛው መከፈት

ስቴፋን ነፃ ሲወጣ የሌላዋ እናት ቁስል እንደ አዲስ ተከፈተ። ለ16 ዓመት «ገዳዩ ታስሯል» ተብላ የኖረች ሴት፣ አሁን ገዳዩ በነፃነት እንደሚኖር ተነገራት።

የሌስሊ ልብሶች በዚያን ጊዜ ተወግደዋል። ነገር ግን በ1975 የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከልብሱ ላይ ጭረትና ቅንጣት ለማንሳት የተጠቀሙበት ማጣበቂያ ፕላስተር በማኅደር ተቀምጦ ቆይቶ ነበር። ያኔ ዲኤንኤ የሚባል ምርመራ ለፖሊስ ሥራ አልዋለም። በ1999 ሳይንቲስቶች ከዚያ ፕላስተር ላይ የአንድ ያልታወቀ ወንድ ዲኤንኤ አወጡ። መርማሪዎቹ መጠበቅ ጀመሩ።

በ2005 ሮናልድ ካስትሪ የተባለ ሰው በሌላ ጉዳይ ተጠርጥሮ ሲያዝ እንደ ደንቡ ከአፉ ናሙና ተወሰደ። በዚያ ጉዳይ ክስ አልተመሠረተበትም፤ ናሙናው ግን ከ30 ዓመት በፊት ከተነሳው ፕላስተር ጋር ገጠመ። በኅዳር 2006 ተያዘ፣ ክሱን ቢክድም በኅዳር 2007 ጥፋተኛ ተብሎ ቢያንስ 30 ዓመት እንዲታሰር የዕድሜ ልክ ፍርድ ተሰጠው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ይህ ነው፤ ካስትሪ በ1976፣ ስቴፋን በእስር ላይ ሳለ፣ በዚያችው ሮችዴል አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ጠልፎ ጾታዊ ጥቃት በማድረስ ተፈርዶበት፣ በገንዘብ ቅጣት ብቻ ታልፎ ነበር። ፖሊስ ግን የሌስሊን ገዳይ «አግኝቷል»፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የሚፈልግ አልነበረም። ንጹሕ ሰው ሲታሰር ጥፋተኛው ይፈታል የሚባለው እንዲሁ ለአባባል አይደለም።

ለቤታችን የሚተርፈው

እንግሊዝ ከእነዚህና መሰል ስሕተቶች በኋላ ብዙ ነገር ቀይራለች። በ1984 በወጣ ሕግ ተጠርጣሪ ጠበቃ የማግኘት መብቱ ተጠናከረ፤ የፖሊስ ጥያቄ በድምፅ መቀዳት ጀመረ፤ ልጅ ወይም የአእምሮ ችግር ያለበት ሰው ሲጠየቅ ከጎኑ የሚቆም አዋቂ እንዲኖር ተደነገገ። በ1997 ደግሞ የተዘጉ መዝገቦችን የሚፈትሽ ገለልተኛ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። አገሪቱ የሞት ቅጣትን በግድያ ወንጀል ላይ ባታስቀር ኖሮ፣ ለስቴፋን የሚከፈት በር አይኖርም ነበር።

እርስዎስ በቤትዎ ምን ያደርጋሉ? በመጀመሪያ፣ ለልጆችዎ ስለ ሰው የሚናገሩት ቃል ክብደት እንዳለው ያስረዷቸው። እነዚያ ልጃገረዶች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለቀልድ የተናገሩት ነገር አዋቂዎች እጅ ሲገባ ሊመልሱት ያልቻሉ ልጆች ነበሩ። ልጅዎ የሚያስደነግጥ ነገር ሲነግርዎ በጥሞና ይስሙት፣ አያጣጥሉበት፤ ነገር ግን ቃሉን አይጨምሩለት። «እንዲህ አደረገህ አይደል?» ከማለት «ምን ሆነ? ንገረኝ» ይበሉት። የልጅ እውነት የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምተኛውን ጎረቤት፣ ከእናቱ ጋር የሚኖረውን፣ ከሰው የማይገጥመውን ሰው በባሕርይው ብቻ አይፍረዱበት። ለየት ማለት ማስረጃ አይደለም። ካስትሪ ትዳር ይዞ፣ ታክሲ እየነዳ ሲኖር ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሦስተኛ፣ «ራሱ አምኗል» የሚል ወሬ ሲሰሙ «የት? ማን አጠገቡ ነበር? ሌላስ ምን ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። የደከመና የፈራ ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድ ብሎ ያላደረገውን ሊል ይችላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። ይህኛው ንጋት ግን በራሱ አልጠራም፤ ጎረቤት ያላመናት አንዲት እናት፣ ሌላው የዘጋውን መዝገብ በቅንነት የገለጠ አንድ መኮንን፣ ፕላስተሩን ሳይጥሉ ያስቀመጡ ሠራተኞች አስፈልገውታል። ሻርሎት የካስትሪን መያዝ ለማየት አልታደለችም። ልጇ ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ግን እርሷ ዲኤንኤ አላስፈለጋትም ነበር።