እምነትህን ከመፈረምህ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ስታመለክት ከሲቪህ ሌላ አንድ ነገር ይጠይቁሃል፦ የእምነት መግለጫቸውን አንብበህ መስማማትህን። «ያው እኔም ክርስቲያን ነኝ» ብለህ ስክሮል አድርገህ እንዳትፈርም!

ኢሊኖይ ያለውን ዊተን ኮሌጅ እንይ፤ ስመ ጥር የወንጌላውያን ኮሌጅ ነው። የፍልስፍና መምህሩ ጆሹዋ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ2004 ካቶሊክ ሆነ። መግለጫውን አሁንም ለመፈረም ዝግጁ ነበር፤ ኮሌጁ ግን ካቶሊክ ከዚህ መግለጫ ጋር አይሄድም ብሎ ሥራውን አሳጣው። ካቶሊክም እኮ ክርስቲያን ነው! በዲሴምበር 2015 ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ መምህርቷ ላሪሺያ ሆኪንስ ለሙስሊሞች አጋርነቷን ለማሳየት ሂጃብ አደረገች፤ ክርስቲያንና ሙስሊም የሚያመልኩት አንድ አምላክ ነው ብላም ፌስቡክ ላይ ጻፈች። ታገደች። ቋሚ መምህር ብትሆንም በፌብሩዋሪ 2016 ከኮሌጁ ጋር ተለያዩ።

ክስስ? የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሃይማኖት ሰበብ በሥራ ላይ ማዳላትን ይከለክላል፤ ለሃይማኖት ተቋማት ግን የእምነታቸውን ሰው መርጠው እንዲቀጥሩ በር ይከፍታል። ስለዚህ ብዙ ተስፋ አታድርግ።

ዲሲም ሆነ ዳላስ ሆነህ የምታመለክት ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ ወይም ጴንጤ ብትሆን ሰነዱን ሙሉውን አውርደህ አንብበው። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን የሚለውን አንቀጽ በተለይ፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ጋ ስለ መጠጥና ስለ ትዳርም ደንብ አለ (የሠርግ ጠጅ ይቆጠር ይሆን?)። ግር ያለህን መስመር ለቀጣሪው በኢሜይል ጠይቅ፤ መልሱንም አስቀምጠው።