ከሒጃማ በፊት የደም ምርመራ



ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉ ሰፈሮቻችን ሰው ሲገረጣና ሲደክመው የምንሰጠው ምክር የታወቀ ነው። «ደም አንሶህ ነው፤ ቀይ ሥር ብላ፣ ጉበት ብላ» እንላለን። ገላው ሲበልዝ ደግሞ «ደምህ ተበላሽቷል፤ ሒጃማ ተደረግ» የሚል አይጠፋም። ምክሩ ከመተሳሰብ የመጣ ነው። ነገር ግን የደም ሕመም ሁሉ ከምግብ እጥረት አይመጣም። ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ደማችንን የሚያጠቃበት ጊዜ አለ።

ፕላትሌት ምንድን ነው?

ፕላትሌት ስንቆረጥ ወይም ሲነስረን ደሙ እንዲረጋ የሚያደርግ ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ቁጥሩ በጣም ሲወርድ ሰው ሳይመታ ይበልዛል፤ ደሙም ቶሎ አይቆምም።

በራሱ ላይ የሞከረው ሐኪም

ፕላትሌት ለምን እንደሚያልቅ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም ነበር። አንዳንዶች መቅኔው ማምረት አቅቶት ነው ይሉ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በባርነስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የደም ሐኪም ዊሊያም ሃሪንግተን ግን ጥፋቱ ከደሙ ውስጥ ነው ብሎ ጠረጠረ። ከአንዲት ታማሚ ግማሽ ሊትር ያህል ደም አስወስዶ ለራሱ አሰጠ። በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ አለቀ ማለት ይቻላል። ገላው በለዘ፤ ራሱን አስቶም አንዘፈዘፈው። ከቀናት በኋላ አገገመ። ከደረቱ አጥንት የተወሰደው መቅኔ ግን ጤነኛ ነበር።

ውጤቱ በ1951 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ ማንም ሊደግመው የማይገባ ሙከራ ነው፤ ሆኖም መቅኔው ፕላትሌት እያመረተ ደሙ ውስጥ ያለ ነገር እንደሚያጠፋው አሳየ። ይህ ነገር ሰውነት በስህተት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ።

ቀይ የደም ሴሎችም በዚሁ መንገድ ሊጠቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰው ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ይህን ደም ማነስ ቀይ ሥር አያድነውም።

ምን እናድርግ?

ውዱእ ሲያደርጉ በቀን አምስት ጊዜ ክንድዎንና እግርዎን ያያሉ። ያልተመታ ቦታ ከበለዘ፣ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ከወጡ፣ ድድዎ ከደማ፣ ነስር ከበዛ ወይም የወር አበባ ያለ ልማዱ ከበረታ፣ ሒጃማውን ያቆዩት። ፕላትሌቱ ላነሰ ሰው ቆዳን መብጣት አደገኛ ነው። ወንድ ልጅ ከመገረዙ በፊትም እንዲህ ያለ ምልክት ካለው ለሐኪም ይንገሩ። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን በራስዎ አይውሰዱ።

በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ወይም በክፍለ ከተማችን በሚገኘው አለርት ሆስፒታል የደም ሴሎች ቆጠራ ይጠይቁ። እንደ አስፈላጊነቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወዳሉት የደም ሐኪሞች ይላካሉ። ከባድ ራስ ምታት፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የሚያጽናናም ነገር አለ። በልጆች ላይ ፕላትሌት ማነሱ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ ይመጣና በወራት ውስጥ ይለቃል። በአንዳንድ አዋቂዎች ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ ሲታከም ቁጥሩ ይሻሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ነው። ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ጨውና ስኳር ይቀንሱ፤ ተሻለኝ ብለውም በድንገት አያቋርጡት። ረመዷን ሲቃረብ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል፤ መድኃኒት አቋርጦ ራስን መጉዳት ግን ዒባዳ አይሆንም።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።