ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲገዛ አዋሳኙ ማነው?

ጎንደር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ልገዛ መሆኑን ዛሪማ ላሉት አባቴ በስልክ ስነግራቸው ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት «አዋሳኙ ማነው?» አሉኝ። ዛሪማ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። እዚያ ቤት ማለት ግቢና አጥር ያለው፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ ያዋስነዋል ተብሎ የሚጻፍ ነገር ነው። የእኔን ቤት አዋሳኞች ስቆጥርላቸው ከላይ አንድ ቤተሰብ፣ ከታች አንድ ቤተሰብ፣ በግራ ሌላ ጎረቤት፣ በቀኝ ደረጃው ሆነ። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያወጣል?» አሉ።

ቤቱን ስፈልግ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያነሳልኝ ደላላም ሻጭም አልነበረም። በጋራ ሕንፃ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ከክፍሉ ጋር የጣሪያ፣ የደረጃ፣ የቧንቧና የጎረቤት ድርሻ አብሮ ይገዛል። ቤቱ ይጠቅመው እንደሆነ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ይህ ድርሻ ነው። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚያየው ቀለሙንና ሴራሚኩን ነው። ይህን የምጽፈው ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ ፊርማ ለሚያስረክቡ ሰዎች ነው።

የጎንደር አሮጌ ፎቆች

ጎንደር ለፎቅ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዛሬም መሃል ከተማው ላይ ቆሟል። ጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው በቆዩበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ፕላን አወጣላት፤ የፒያሳ መልክ የመጣውም በዚያን ዘመን ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆኑት ሕንፃዎች የዚያ ጊዜ ሥራዎች ናቸው።

መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ እነዚህ ነበር። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም በእግር ይደረስባቸዋል። ነገር ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የሚገኙት በኪራይ ነው። በመሃል ከተማ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በስሙ ማድረግ ለሚፈልግ ሠራተኛ የቀረው መንገድ በአብዛኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ይህ ግንባታ ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ያኔ አዲስ የነበሩት ብሎኮች ዛሬ ጎልምሰዋል፤ ቧንቧቸው ዝጓል፣ የጣሪያቸው ቆርቆሮ ላልቷል፣ ነዋሪዎቻቸውም ተለዋውጠዋል። እኔ የገዛሁት ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአንድ ሕንፃ ላይ የብዙ ሰው ባለቤትነት በሕጋችን አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1281 ጀምሮ ስለ ፎቅና ስለ አፓርታማ ባለቤትነት ይደነግጋል። ዝርዝሩን ያመጣው ግን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የጋራ ሕንፃ የሚባለው 5 ወይም ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉት ሕንፃ ነው። ወደ ላይ የተሠራም ሆነ በረድፍ የተደረደረ ሊሆን ይችላል።

መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ማንም አይሸጠውም። ገዢው የግሉ የሚያደርገው ክፍሉን ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ዓምዱ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የፍሳሽ ቧንቧና ግቢው የጋራ ናቸው። እያንዳንዱ ባለቤት በእነዚህ ላይ ድርሻ አለው፤ ለጥገናቸውም ያዋጣል። ይህን የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማህበር ሲሆን መተዳደሪያ ደንብ፣ ጉባኤና የሚመረጥ ቦርድ ይኖረዋል። ማህበር አልፈልግም ብሎ ክፍሉን ብቻ መግዛት አይቻልም። ለአባቴ ጥያቄ የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ያወጣል፣ ምድር ቤት ያለውም ጭምር።

በባልዲ የሚገኝ ምስጢር

ቤቱን ለማየት ስሄድ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ሳሎኑን ሊያሳየን ሲጀምር ሠራተኛው ቀጥ ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና ኮርኒሱ ጥግ ላይ ያለውን የሰሃን ስፋት ያለው ቢጫ እድፍ በጣቱ ዳሰሰው። ጠርዙ ደረቅ፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነበር። «ይሄ አሁንም ይጠጣል» አለኝ። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወጥተን አንኳኳን። የከፈቱልን እናት ነገሩን ስናስረዳቸው ሳይቆጡ አስገቡን፤ የመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋን። ወደ ታች ወርደን ኮርኒሱን እያየን ስንጠብቅ ከእድፉ መሃል መጀመሪያ አንድ ጠብታ፣ ቀጥሎም ሌላ ወረደ።

ሠራተኛው ልዩነቱን እዚያው አስረዳኝ። ውኃ ባይደፋም የሚያንጠባጥብ ከሆነ የተበሳው የጋራ ቧንቧ ነው፤ ወጪውም የማህበሩ ይሆናል። ወለል ላይ ሲደፋ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ የላይኛው ቤት ሴራሚክና ከሥሩ ያለው ውኃ መከላከያ ነው። ይህኛው ሁለተኛው ሆነ። እኚያ እናት ደረጃው ላይ ቆመው «ልጄ፣ ውኃው የኔ ነው፣ እድፉ ያንቺ ነው፤ ተስማምተን እንደፍነዋለን» አሉኝ። የቤቱን ዋጋ ከመደራደሬ በፊት የላይኛዋን ጎረቤቴን ማወቄ ከማናቸውም ሰነድ ያልተናነሰ ዋስትና ሆኖኛል።

ውኃ ሲነሳ ጎንደር ሌላም ጉዳይ አላት። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተጎዳ ከተማዋ ከኖረችበት የውኃ እጥረት አልወጣችም፤ ፎቅ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ውኃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል። በመስመሩ ያለው ግፊት ደካማ ከሆነ ምድር ቤት ሲቀዳ ሦስተኛ ፎቅ ቧንቧው አየር ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የጋራ ሮቶና ፓምፕ መኖሩን፣ የፓምፑን መብራት ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ግድ ነው። አንዳንዱ ነዋሪ ሲቸግረው በራሱ በረንዳ ላይ ሮቶ ይሰቅላል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግን 10 ኩንታል ይመዝናል፤ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም።

የግድግዳ ነገርም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ሸክሙን የሚይዙት ዓምዶችና አግዳሚ ቢሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ብሎኬት ክፍል ይለያል እንጂ ፎቁን አይሸከምም። ብሎኬት አፍርሶ ሳሎን ያሰፋ ሰው ፈቃድ ማምጣቱ ይጠየቃል። ዓምድ የጠረበ ወይም የቢም ብረት ያጋለጠ ሰው ግን የሁሉንም ቤት ነክቷል። ስለዚህ ከምገዛው ቤት ሥር ያሉትን ቤቶች፣ በተለይ ወደ ሱቅ የተለወጡትን፣ ዞሬ አየሁ። ልስን ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም። ዓምድ ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ፣ ወይም ኮንክሪቱ ተልጦ የዛገ ብረት የሚታይበት ቦታ ካለ ግን መሐንዲስ ሳይጠሩ አንድ ብር መክፈል አይገባም።

አሳንሰር የለም። የዱቄት ጆንያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የታመመ ሰው ሁሉም በደረጃ ነው። እናትና አባቱን ወደፊት ሊያስመጣ የሚያስብ ሰው ይህን ዛሬ ያስብበት። እንጀራ መጋገሪያና የበዓል በግ ማረጃ ተብሎ ግቢ ውስጥ የሚሠራው የጋራ ቤትም በአንዳንድ ቦታ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። ኪራዩ የማህበሩ ሂሳብ ውስጥ የሚገባ መሆኑን መጠየቅ የገዢ መብት ነው።

ሰነዱ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል። ስለዚህ በሁለት ምስክር ፊት ካፌ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ቤት አያስገኝም። ከውሉ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁ፣ እግድ አለመኖሩ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይረጋገጣል። ሻጩ ያገባ ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል።

በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም አዲስ አበባ ላይ እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክል ገደብ አለበት። ይህን ለማለፍ ብዙ ሰው በውክልና ሲገዛ ኖሯል። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፤ በፈለገ ጊዜም ሊሽረው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገዢ ጥቂት አይደለም። የትም ከተማ ይሁን ገደቡ ሳያልቅ በውክልና መግዛት ገንዘብን ለሌላ ሰው ዕድሜ አደራ መስጠት ነው።

ቀብድም የራሱ ሕግ አለው። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካልፈጸመ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ቅድሚያ ክፍያ በውሉ በግልጽ ይጻፍ። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡንና የሻጩን ግብር ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይስፈር።

አሮጌ ፎቅ የሚኖረው በማህበሩ ነው

አሮጌ ረጅም ሕንፃ በራሱ መጥፎ ግዢ አይደለም። አሜሪካ ቺካጎ መሃል ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ማሪና ሲቲ የሚባሉ ሁለት ክብ ማማዎች አሉ። በርትራንድ ጎልድበርግ የተባለ አርክቴክት የነደፋቸው ሲሆን እያንዳንዳቸው 65 ፎቅ ናቸው። ያሠራቸው የሕንፃ ጽዳትና የአሳንሰር ሠራተኞች ማህበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰው መሃል ከተማውን እየለቀቀ ሲሄድ ነዋሪ እንዲመለስ ብሎ። የታችኞቹ 19 ፎቆች እየተጠመዘዘ የሚወጣ የመኪና ማቆሚያ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ቤቶች ከድፎ ዳቦ እንደተቆረሰ ቁራሽ ከመሃል ጠበው ወደ በረንዳው ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለየግለሰቡ የሚሸጡ ኮንዶሚኒየሞች ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከተማዋ በቅርስነት መዘገበቻቸው። ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

በዚያው አገር ተቃራኒውም ታይቷል። በፍሎሪዳ ግዛት ሰርፍሳይድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ባለ 12 ፎቅ የጋራ ሕንፃ ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በፊት መሐንዲስ አይቶት ውኃ መከላከያው መበላሸቱንና ኮንክሪቱ መጎዳቱን በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ወጪው ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ፤ ዋናው ጥገና ሳይጀመር አደጋው ደረሰ። ባለቤት ሁሉ ከበሩ ውስጥ ያለውን ብቻ የእኔ ሲል ከበሩ ውጭ ያለው ባለቤት ያጣል።

እኛ በዕድር ማዋጣት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለቀብር ድንኳንና ለወንበር ያለ ቀስቃሽ እናዋጣለን። ለጣሪያ ቆርቆሮና ለፍሳሽ ጉድጓድ ማስመጠጫ ሲሆን ግን ስብሰባ የሚጠራ ይጠፋል፤ ቢጠራም ቤቱን ያከራየው ባለቤት አይመጣም፣ ተከራዩ «እኔን አይመለከተኝም» ይላል። እኔ ከመፈረሜ በፊት የማህበሩን የቃለ ጉባኤ መዝገብ እንዲያሳዩኝ ሊቀ መንበሩን ለመንኩ። መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ገዢ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ሲያሳዩኝ ግን በየገጹ ምን እንደተበላሸ፣ ማን እንዳላዋጣ፣ ለጣሪያው ምን ያህል እንደተጠራቀመ ተጽፎ አገኘሁ። መዝገብ የሌለው ማህበር ቢሆን ኖሮ ቤቱን እተወው ነበር።

ቤት ፈላጊ ሆይ፣ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ጣሪያው ላይ ውጣ፣ የላይኛውን ጎረቤት በር አንኳኳ፣ የማህበሩን መዝገብ ግለጥ። ቤት ያላችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ውጡ። የጥገና ገንዘብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቀመጥ፤ ሕንፃው በየጥቂት ዓመቱ በመሐንዲስ ይታይ። በየከተማው እነዚህን ብሎኮች የገዙት አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ሌላ ሀብት የላቸውም። ያ ውርስ ለልጅ የሚደርሰው ሕንፃው ሙሉውን ሲጠበቅ ነው።