መርፌው ዓይን ያጠፋልን?

ቴፒ የሚኖሩት አጎቴ የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ኪኒኑ ብቻውን አልበቃ ሲላቸው ሐኪም ኢንሱሊን አዘዘላቸው። መርፌውን በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመግሪብ በኋላ ቁርኣን ሲከፍቱ ፊደሉ ተደበላለቀባቸው። «ይኼ መርፌ ሊያሳውረኝ ነው» ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። ጎረቤቱም «እውነትዎን ነው» አላቸው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ወሬ ሚዛንም ቴፒም፣ ቡና በተሰጣበት ደጅ ሁሉ ትሰሙታላችሁ። ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም።

ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በመድኃኒት ሲወርድ የዓይን ሌንስ የያዘው ውኃ ይለዋወጣል፤ እይታም ይደበዝዛል። ይህ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላልና በዚያ ሰሞን መነጽር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። ስኳር በዓይን ጀርባ ያለውን የሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ ቀድሞ ካለ፣ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ጥናት ይህን አሳይቷል። ይኸው ጥናት ግን ዓይናቸው ገና ካልተነካው መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ ለዚህ ጉዳት የመጋለጥ ዕድል በ76 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በሚያውቁት ሴማግሉታይድ በተባለው መርፌም ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓይን ጉዳት መባባስ ታይቷል።

እንግዲህ አጎቴ ማድረግ የነበረባቸው መርፌውን መተው ሳይሆን ዓይናቸውን አስቀድሞ ማስመርመር ነበር። ይህን የነገራቸው አልነበረም፤ እኔም መምህር ነኝ ባይ አላወቅሁም።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፊደል መቁጠር ምርመራ አይደለም። ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ወጣቶች ሆይ፣ አባቶቻችሁን አጅቧቸው፤ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዱ። በጉልምስና የሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታይ። የአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ በአምስት ዓመት ውስጥ ይጀምር፤ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ወራት ትታይ። «አያመኝም» አይባልም፤ ሬቲና ሲጎዳ አያምም። ጊዜው ሳያልፍ ከተደረሰበት በጨረር ይታከማል።

አጎቴን ከቡና ለቀማው በፊት ጅማ ወሰድናቸው። ጉዳቱ ጀማሪ ነበር። መርፌውን በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ጀመሩ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ልጃቸው በደብተሯ ጽፋ ይዛዋለች።