ማግኔትም ይጽፋል

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ በብዙዎቻችን ቤት አሮጌ ካሴት አይጠፋም። በአንዳንዱ ላይ የሟች አባት ምርቃት ተቀርጾ ይሆናል። ይህን ካሴት ከስፒከር ማግኔት ጋር አስጠግተን ብናስቀምጠው ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ለምን ይመስላችኋል?

እስቲ እንሞክር። ማግኔቱን በመርፌ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመን እንሳበው፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ከዚያ መርፌውን ወገቡ ላይ በክር አስረን እናንጠልጥለው። ዞሮ ዞሮ አንዱ ጫፉ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይቆማል። መርፌው ማግኔት ሆኗል ማለት ነው።

ምን ተለወጠ? ብረት በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ትንሽ ማግኔት ናት። ቀድሞ በቡድን በቡድን ሆነው በየፊናቸው ይመለከቱ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ዞሩ። እንደ ደቦ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ሲጎትት ከባዱ ግንድ ይንቀሳቀሳል። መርፌው ፍም እስኪመስል ቢግል ግን ቅንጣቶቹ ይበተናሉ፤ ኃይሉም ይጠፋል።

የካሴት ክርም የማግኔት ዱቄት ተቀብቷል። ቴፑ ሲቀርጽ ዱቄቱን እንደ ድምፁ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። ይህ ጽሑፍ ነው። የእኛ ፊደል በቅርጹ ይለያል፤ የማግኔት ፊደል በአቅጣጫው ይለያል። ሌላ ማግኔት ሲጠጋው ፊደሉ ይደለዛል።

ዛሬ ሊቃውንት ይህን ጽሑፍ ይበልጥ ለማሳነስ ይደክማሉ። የእንሰት ግንድ ተደራርቦ እንደሚላጥ ሁሉ፣ ንጣፍ በንጣፍ የሚላጡ ነገሮች አሉ። በእርሳስ ስንጽፍ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር እንዲህ የተላጠ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከክሮምየምና ከአዮዲን የተሠራ ነገር ልጠው፣ አንዱ ስስ ንጣፍ ብቻውን ማግኔት እንደሚሆን አሳዩ። የሚሆነው ግን ከበረዶ እጅግ በባሰ ብርድ፣ ከዜሮ በታች 228 ዲግሪ ገደማ ነው።

በአንዳንድ ድርብርብ ማግኔቶች ውስጥ ቅንጣቶቹ እንደ ወንዝ አዙሪት ክብ ይሠራሉ። አዙሪቱ ስካይርሚዮን ይባላል። አዙሪት ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ ተብሎ ቢነበብ ፊደል ይሆናል። ሥራው ገና በምርምር ላይ ነው።

እኛ ግን ዛሬ የምንሠራው አለ። ካሴታችንን ከማግኔትና ከፀሐይ እናርቀው። ድምፁንም ወደ ስልክ እናስገልብጠው። የአባት ምርቃት አንዴ ከተደለዘ፣ ደግሞ የሚናገረው የለም።