ከሜዳ ወደ ቢሮ፦ አሰልጣኝ የስፖርት ዳይሬክተር ሲሆን

ሰው ሲሾም «ሹመት ያዳብር» ብለን እንመርቃለን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለን። ምርቃቱም ሆነ ተረቱ ሹመትን የሚያዩት እንደሚገኝ ነገር ነው። ሹመት የሚያስጥለው ነገር እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ጎበዝ መምህር ርዕሰ መምህር ሲሆን ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ጎበዝ ነርስ የክፍል ኃላፊ ስትሆን ከሕመምተኛው አልጋ ትርቃለች። ታዲያ በሚያውቀው ሥራ የተወደደ ሰው ያንን ሥራ ትቶ ሌሎችን እንዲያስተዳድር ሲጠራ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑን በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል አሰልጣኝ ሆነው ሠርተው፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲያቸው የስፖርት ዳይሬክተር የሆኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያ አገር ልጆቻቸውን ኮሌጅ የሚያስገቡ ወገኖቻችንም የኮሌጅ ስፖርት እንዴት እንደሚመራ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሰልጣኙ ምን ይሠራል?

የቤዝቦል አሰልጣኝ ሥራ ሜዳ ላይ ቆሞ ማዘዝ ብቻ አይደለም። ወጣቶችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመለምላል፣ ወላጆቻቸውን ያነጋግራል፣ ማን እንደሚሰለፍና ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ይወስናል። የዓመቱ ግብ በኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ 8 ቡድኖች ብቻ የሚደርሱበት የመጨረሻው ውድድር ነው።

ገንዘብም ያከፋፍላል። ለብዙ ዓመታት በከፍተኛው ምድብ ለአንድ የወንዶች ቤዝቦል ቡድን የተፈቀደው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። የቡድኑ ተጫዋቾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ30 በላይ ናቸው። ስለዚህ አሰልጣኙ ለአንዱ ግማሽ፣ ለሌላው ሩብ እየሰጠ ማብቃቃት ነበረበት። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ይህንን ለውጦታል፤ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነሥቶ፣ በምትኩ የተጫዋቾች ቁጥር ከ34 እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ዳይሬክተሩስ?

የስፖርት ዳይሬክተሩ ግን አንድ ቡድን ሳይሆን ሁሉንም ቡድኖች ይዟል። የአሜሪካን ፉትቦልን በከፍተኛው ደረጃ የሚጫወት ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 16 ቡድኖች ሊኖሩት ይገባል። በጀት፣ የስታዲየም ግንባታና ጥገና፣ ለጋሾችን ማነጋገር፣ ሕግ ማክበር ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በፆታ ማዳላትን የሚከለክለው የ1972 ሕግም የሴቶች ቡድኖች ዕድል እንዳይነፈጋቸው ያስገድደዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዳይሬክተሩ ከባድ ሥራ አሰልጣኞችን መቅጠርና ማሰናበት ነው። ትናንት ራሱ በዚያ ወንበር ተቀምጦ የነበረ ሰው ዛሬ በሌላው እንጀራ ላይ ይወስናል ማለት ነው።

የጆን ኮሄን ጉዞ

ጆን ኮሄን በወጣትነታቸው ለሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል ተጫውተዋል። በአሰልጣኝነት ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በ2005 በሊጋቸው መጨረሻ የነበረው ቡድን በ2006 የሊጉን ሻምፒዮንነት ተጋርቷል። ከዚያም በ2009 የውድድር ዓመት ወደ ተማሩበት ወደ ሚሲሲፒ ስቴት በአሰልጣኝነት ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከድል ይልቅ ሽንፈት የበዛባቸው ነበሩ። ሆኖም በ2013 ቡድኑ እስከ አገር አቀፉ ፍጻሜ ደርሶ በዩሲኤልኤ ተሸነፈ። በ2016 የሊጉን ዋንጫ አነሡ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር አደረጋቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ኮሄን ቢሮ ሲገቡ ከመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎቻቸው አንዱ በራሳቸው ቦታ የሚተካ አሰልጣኝ መምረጥ ነበር። ስለ ቤዝቦል ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ዳይሬክተር ከየት ይመጣል? ይሁንና የመረጡት ሰው በፌብሩዋሪ 2018፣ የሁለተኛው የውድድር ዓመት ገና እንደተጀመረ፣ ሥራውን ለቀቀ። ሙያን ጠንቅቆ ማወቅና ሰውን መምረጥ ለየቅል ናቸው።

ቡድኑ በጊዜያዊ አሰልጣኝ እየተመራ በዚያው ዓመት ኦማሃ ደረሰ። ኮሄን ግን በጁን 2018 ክሪስ ሌሞኒስን ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አምጥተው ቀጠሩ። በ2021 ሚሲሲፒ ስቴት ቫንደርቢልትን አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ በማንኛውም የቡድን ስፖርት ዩኒቨርሲቲው ያገኘው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ዋንጫ ነው። ኮሄን በ2013 በገዛ እጃቸው ሊያነሡት ያልቻሉት ዋንጫ፣ ከ8 ዓመት በኋላ እርሳቸው በቀጠሩት ሰው እጅ መጣ።

የመድረኩ ጭብጨባ የአሰልጣኙና የተጫዋቾቹ ነበር፤ ሊሆንም የሚገባው እንደዚያው ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ኮሄን በ2022 ወደ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በዳይሬክተርነት ሄዱ። ዋንጫውን ያመጡት ሌሞኒስ ደግሞ በኤፕሪል 2025፣ በሌላ ዳይሬክተር ዘመን፣ ከሥራ ተሰናበቱ። በዚህ ሙያ የትናንት ድል የነገ ዋስትና አይሆንም።

የስኪፕ በርትማን ምሳሌ

ኮሄን አገር አቀፍ ዋንጫ ሳያነሡ ወደ ቢሮ የገቡ ናቸው። አምስት ጊዜ አንሥቶ የገባውስ? ስኪፕ በርትማን ከ1984 እስከ 2001 የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቤዝቦል አሠልጥነው በ1991፣ በ1993፣ በ1996፣ በ1997 እና በ2000 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ2001 የስፖርት ዳይሬክተርነቱን ተረክበው እስከ 2008 አገልግለዋል።

በእርሳቸው ዘመን ማንም አሰልጣኝ በልምምድ ሜዳ የማይማረው ነገር ደረሰ። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ፣ በባተን ሩዥ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ለተጎጂዎች የመስክ ሆስፒታል ሆነ። በሴፕቴምበር በሜዳቸው ሊደረግ የነበረው የፉትቦል ጨዋታም ወደ አሪዞና ተዛወረ። ዳይሬክተር ማለት እንዲህ ባለ ቀን የአዳራሹ ቁልፍ የሚጠየቅ ሰው ነው።

ከዚያ ደግሞ የቅርቡ ፈተና መጣ። እርሳቸውን የተኩት የቤዝቦል አሰልጣኝ ቀድሞ አብረዋቸው የሠሩ ረዳታቸው ነበሩ። በ2006 ቡድኑ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ሳይገባ ሲቀር አሰልጣኙ ለቀቁ፤ በርትማንም ፖል ሜይኒየሪን ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቀጠሩ። በ2009 ሜይኒየሪ የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሡ በርትማን ከዳይሬክተርነቱ ወርደው ነበር። የዘሩትን ሌላው ሰው አጨደው።

እንግዲህ ምን እንላለን?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ወደ አስተዳደር የሚገባ ሰው በገዛ እጁ ማሸነፍን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ድሉ ትክክለኛውን ሰው መምረጥ፣ የሚያስፈልገውን ማሟላት፣ ከዚያም እጁን ሰብስቦ ማሠራት ነው። ምርጫው ሲሳካ ስሙ አይጠራም፤ ሲበላሽ ግን ተጠያቂው እርሱ ነው።

ይህ ለሁሉም ሰው የሚስማማ አይደለም። ሜዳውን ትቶ ቢሮ ከገባ በኋላ አሁንም ማን ይሰለፍ ብሎ የሚያዝ አለቃ፣ አሰልጣኙንም ያዳክማል፤ የራሱንም ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ ሹመትን እምቢ ብሎ በሚወደው ሥራ መቆየት ሽንፈት አይደለም።

በመሥሪያ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያንም ጎበዝ ሠራተኛን አንሥተን አስተዳዳሪ ስናደርግ «ሥራውን ያውቀዋል» እንላለን። ያ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ከመሾማችን በፊት ሌላም ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ሰው ሌላው ሲጨበጨብለት ከልቡ ደስ ይለዋልን? መልሱ አዎን ከሆነ፣ በሙሉ ልባችን ሹመት ያዳብር እንበለው።