ለካስ ዳኛው አላዳሉም!

እኔ እግር ኳስ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ሶፍትቦልን ያወቅሁት እዚህ ሜሪላንድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ጓንት አጥልቃ ሜዳ ከገባች ወዲህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ከሁለተኛው ቤዝ ወደ ሦስተኛው ስትሮጥ፣ መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ ልታነሳ ካጎነበሰች ተከላካይ ጋር ተጋጨች። ሁለቱም ወደቁ፤ የልጄ ጉልበት ደማ። ዳኛው ጨዋታውን ወዲያው አቁመው የኔን ልጅ «አውት!» አሏት። ደሜ ፈላ። «መንገድ የዘጋችው ያቺ፣ የምትቀጣው የኔ ልጅ?» እያልኩ አጥሩን ይዤ ጮህኩ። መቼም ለስደተኛ፣ ሲፈረድበት ቀድሞ የሚታየው አድልዎ ነው። «ጥቁር ስለሆነች ነው!» እስከ ማለት ደረስኩ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ዳኛው እኮ ልክ ናቸው» አለችኝ። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷው ናት።

ለካስ ሕጉ ሁለት ነው። የተመታውን ኳስ ልትይዝ ለምትሞክር ተከላካይ ሯጯ መንገድ መልቀቅ አለባት። ሆን ብላ ባትገጫትም እንኳ ጥፋቱ የሯጯ ነው። ይህ «ኢንተርፌረንስ» ይባላል፤ ኳሱ ወዲያው ይሞታል፣ ሯጯም ትወጣለች። ተከላካይዋ ኳስ ሳትይዝ፣ የተመታ ኳስም ለመያዝ ሳትሞክር ሯጯን ካገደች ግን ጥፋቱ የተከላካይዋ ነው። ይኼኛው «ኦብስትራክሽን» ነው። ዳኛው ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ጡጫቸውን ይጨብጣሉ፤ ጨዋታው ግን እንደ እግር ኳሱ አድቫንቴጅ ይቀጥላል። በመጨረሻ ሯጯ ባትታገድ ኖሮ ትደርስበት የነበረው ቤዝ ይሰጣታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ ወደ ሆም ፕሌት ስትገሰግስ፣ ካቸሯ ባዶ እጇን መንገዱ ላይ ተገትራ አስቆመቻት። ኳሱ ኋላ ደረሰና ነካቻት። ወላጆች ተንጫጩ። እኔ ግን ያየሁት የዳኛውን ግራ እጅ ነበር። «ዝም በሉ፣ ነጥቡ የኛ ነው» አልኩ። እንዳልኩትም ሆነ።

ዳኛው ያው የቀድሞው ሰው ነበሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጨብጠውኝ ሳቁ። ልጄ ከሩቅ ታየን ነበር፤ ያን ቀን አንገቷን አልደፋችም።

ወላጆች ሆይ፣ አድልዎ መኖሩን ማንም አይነግረንም፣ እናውቀዋለን። ግን «ተበደልን» ብለን ከመጮሃችን በፊት ሕጉን እንወቅ። ያኔ በእውነት ስንበደል ጩኸታችን ሰሚ ያገኛል።